መቼት ያለ ሕግ ዓለም አይሆንም

ባለፈው ዓመት መጨረሻ በቡሬ ከተማ በተደረገ አንድ የኪነ ጥበብ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ ከተማሪ እጅ የተወሰደ ደብተር ከፍ አድርገው ለተሰብሳቢው አሳዩ። በደብተሩ ውስጥ በእርሳስና በእስክሪብቶ የተሣሉ ሥዕሎች፣ ከሥዕሎቹም ግርጌ በጠባብ የእጅ ጽሑፍ የሰፈረ ረጅም ታሪክ ነበር። ተናጋሪው ከመካከሉ አንድ ገጽ ገልጠው፣ ዓይኑ የፊቱን እኩሌታ የሚይዝ ሰይፍ የታጠቀ ወጣት፣ ጆሮዋ እንደ ጦር የሾለ ልጃገረድ፣ ከበስተኋላቸውም በግንብ የታጠረ ከተማ አመለከቱና «ይህ የማን ሀገር ነው? ይህን ልጅ ከሀገሩ ያስወጣብን ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም፣ ምን እደብቃለሁ፣ አጨብጭቤአለሁ።

ስብሰባው ሲያበቃ ደብተሩን ለምኜ ወደ ማደሪያዬ ወሰድሁትና እስከ እኩለ ሌሊት አነበብሁት። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ የዚያ ሌሊት ንባብ ነው። ተናጋሪው ስለ ደብተሩ ያዩት ነገር አብዛኛው ትክክል ነው፤ የሰጡት ፍርድ ግን ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው። ልጁም ቢሆን ተሳስቶአል። ይበልጥ ያስገረመኝ ከሳሹም ተከሳሹም የተሳሳቱት በአንድ ነገር መሆኑ ነው። ሁለቱም አንድ ዓለም ማለት በውስጡ የሚታየው ዕቃ፣ ልብሱ፣ ግንቡና የጆሮው ቅርጽ ይመስላቸዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ወጣት መንገድ ሲሻገር የጭነት መኪና ገጭቶት ይሞታል፤ ዓይኑን ሲገልጥ ራሱን በሌላ ዓለም ያገኘዋል። በዚያ ዓለም ንጉሥ አለ፤ ጀብደኞች የሚመዘገቡበት ማኅበር አለ፤ ማኅበሩም አባላቱን እንደ ችሎታቸው በደረጃ ይከፋፍላቸዋል። ከተራሮች ማዶ የአጋንንት ንጉሥ ተቀምጦአል። ወጣቱ ሳይደክም፣ ሳይማርና አንዳች ሳይከፍል ከሁሉ የሚበልጥ ኀይል ይታደላል። በዚያ ሀገር ዝናብ የሚባል ነገር የለም፤ የሚወርደው እንደ ጥጥ የሚረግፍ በረዶ ነው። አንባቢ ልብ ይበል፤ ደራሲው የቡሬ ልጅ ነው። ክረምት ከገባ ጭቃው ጫማ ከእግር በሚያወልቅበት፣ ደመናው ከጣራ በላይ ተኝቶ በሚከርምበት ሀገር ያደገ ልጅ፣ ከሰማይ የሚወርደውን ነገር ለመጻፍ ሲቀመጥ በዓይኑ አይቶ የማያውቀውን መረጠ። ከቡሬ የወሰዳት ነገር ብትኖር ያቺው የገጨችው መኪና ናት፤ ኢሱዙ መሆንዋን በግልጽ ጽፎአል። እርስዋም ብትሆን የትውልድ ሀገርዋ ጃፓን ነው።

የታሪኩ አጽም የልጁ አይደለም። አኒሜ በሚባሉት የጃፓን የሥዕል ፊልሞች ውስጥ «ኢሴካይ»፣ ማለትም «ሌላ ዓለም» ተብሎ ስም የወጣለት፣ በየዓመቱ በብዛት የሚመረት የታሪክ ዓይነት ነው። የጃፓን ደራስያንም ቢሆኑ ይህን አጽም በአብዛኛው ከየሌላው ነው ያገኙት። ትውልዱን ወደ ኋላ ብንቈጥር፣ የኦክስፎርዱ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ሊቅ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 «የቀለበቶች ጌታ» የተባለውን ድርሰት አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካውያን ከዚያና ከመሰሎቹ ቀድተው በዛር ድንጋይ የሚጫወቱት «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለ የምናብ ጨዋታ አወጡ። ጃፓናውያን ደግሞ የዚህን ዓይነቱን ጨዋታ ወደ ኮምፒውተር ከመለሱት አሜሪካውያን ተምረው እ.ኤ.አ. በ1986 «ድራገን ክዌስት»ን ሠሩ። የልጃገረዲቱ የሾለ ጆሮ እንደዚያ መርዘሙ በጃፓን የተለመደው እ.ኤ.አ. በ1988 መታተም ከጀመረው «የሎዶስ ደሴት ጦርነት መዝገብ» ሥዕሎች ወዲህ ነው። እንግዲህ የቡሬው ተማሪ የገለበጠው የቅጂን ቅጂ ነው። ቶልኪን ዓለሙን ሲሠራ አስቀድሞ የሕዝቦቹን ቋንቋዎች ሰዋስው አበጅቶ፣ በሕይወቱ ሙሉ ያጠናቸውን የሰሜን አውሮፓ አፈ ታሪኮች አብላልቶ ነበር። ከእርሱ ወዲህ የመጡት ብዙዎቹ ቋንቋውን ትተው ጆሮውን ወሰዱ።

እስከዚህ ድረስ ከተናጋሪው ጋር አብረን ነን። የምንለያየው ከዚህ በኋላ ነው። እርሳቸው ወደ መደምደሚያቸው ሲደርሱ ምናባዊ ዓለም መፍጠር ራሱ ከሕይወት መሸሽ ነው፣ ለወጣቱ የሚያስፈልገው በገሃዱ ዓለም ላይ የተመሠረተ ጽሑፍ ብቻ ነው አሉ። ይህን ክስ በሥነ ጽሑፋችን መድረክ ላይ ከአንድ ትውልድ በላይ ስንሰማው ኖረናል፤ አንዳንዶቻችንም በወጣትነታችን ሌሎችን ከስሰንበታል። ከሳሹ ግን ዘወትር አንድ ጥያቄ ይረሳል፤ ልጁ የሚሸሸው ከምን ነው? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ተማሪው እቤት ውሎ እቤት ያደረባቸው ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ጊዜ በአንዲት የእጅ ስልክ ዙሪያ አምስትና ስድስት ሆኖ ፊልም ያየ ልጅ፣ ሞቶ በሌላ ሀገር ስለሚነሣ ወጣት ቢጽፍ፣ የጻፈው ስለ ገሃዱ ዓለም አይደለም ብሎ በድፍረት የሚናገር ማን ነው? መተማ፣ ዐረብ ሀገር፣ አውሮፓ እያለ ወንድሙን የሸኘ ቤተሰብ ልጅ «ሌላ ዓለም» የሚለውን ቃል ከጃፓን መማር አያስፈልገውም። ስለዚህ የምከስሰው መሸሹን አይደለም። የሸሸበት ሀገር ባዶ መሆኑን ነው።

መዋስም ወንጀል አይደለም። ይህን የሚክድ ቢኖር የግእዝን ሥነ ጽሑፍ መደርደሪያ ፈጽሞ አላየም ማለት ነው። ዜና እስክንድር ከውጭ መጥቶ የእኛን ልብስ ለብሶአል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ እንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የበርለዓምና የይዋስፍ ታሪክ መነሻው ሕንድ ውስጥ ይነገር የነበረው የቡድሃ ሕይወት ነው። ይኸው የቡድሃ ታሪክ በሌላ በኩል ዞሮ ጃፓን ገብቶአል። እንግዲህ የጃፓንና የኢትዮጵያ ተረት ያለ ዝምድና ኖሮ ትናንት በስልክ የተዋወቀ አይደለም።

ስለ ራሴ ሙያ ስለ ተውኔት ካነሣሁ ዘንድ፣ የዘመናዊ ተውኔታችን በኵር ራሱ የተውሶ ዓለም ነበር። በ1910ዎቹ ዓ.ም. በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ከላ ፎንቴን ተረቶች የተቀዳ ነው። እንስሶቹ ይናገራሉ፤ ይሟገታሉ፤ ይፈርዳሉ። ነገር ግን በመድረኩ ላይ የቆሙት የፈረንሳይ አውሬዎች የሚተዳደሩበት ሕግ የአዲስ አበባ ሕግ ነበር፤ ጉቦው፣ ደጅ ጥናቱ፣ የባለሥልጣኑ ስንፍና ሁሉ ከከተማው ነበር። ባለሥልጣኖቹም ራሳቸውን ወዲያው አወቁና ተቈጡ፤ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ቴአትር ታገደ። ስለ ባዕድ ሀገር የሚያወራ ሥራ ማንንም አያስቈጣም። ፋቡላ ያስቈጣው፣ ዕቃው የተዋሰው ሲሆን ሕጉ የቤት በመሆኑ ነው።

ወደ ጃፓን እንመለስ፤ ልጁ የተማረው ከዚያ ነውና። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጐብኝተው «ማኅደረ ብርሃን፤ ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጠየቁ። ያ ትውልድ ከጃፓን መርከቡንና ፋብሪካውን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ለማወቅ ፈለገ፤ ባዕድ ጥበብን ስትቀበል የራስዋን ጠባይ እንዴት እንዳልጣለች መረመረ። በዛሬው ወጣትና በእነ ከበደ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ ላይ ነው። ወጣቱ ከጃፓን ሥዕሉን ወስዶ ጥያቄውን ተወው። ጃፓን እንደምን ሣለች ብሎ የጠየቀ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቢጠየቅ መልሱ ሩቅ አይደለም። ከጃፓን የሥዕል ፊልም ሠሪዎች ሁሉ ስሙ የገነነው ሀያኦ ሚያዛኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውና በ2003 የኦስካር ሽልማት ያገኘው ፊልም፣ ቺሂሮ የተባለች የዐሥር ዓመት ልጅ የጃፓን አማልክትና መናፍስት ሊታጠቡ ወደሚመጡበት ፍል ውኃ ቤት ስትገባ ያሳያል። በዚያ ቤት ሥራ ያልያዘ ሰው መኖር አይችልም። የቤቱ እመቤት ለሥራ የምትቀጥረውን ሁሉ ስሙን ትወስድበታለች፤ ስሙን ፈጽሞ የረሳ ሰው ወደ ሀገሩ የሚመለስበትን መንገድ አያገኝም። አንድ ወጣት ስሙን በመርሳቱ የእርስዋ አገልጋይ ሆኖ ኖሮአል፤ በኋላ ሲታወቅ ሰዎች ደፍነው ቤት የሠሩበት የአንድ ወንዝ መንፈስ ነው። ፊልሙን አይቶ ያልተደነቀ የለም። የሚያስደንቀው ግን የቤቱ ቀለምና የመናፍስቱ ቅርጽ ብቻ አይደለም። ሕግ አለው፤ ሕጉም ዋጋ ያስከፍላል። ያ ሕግ ደግሞ ወንዝና ዛፉ ሁሉ ባለቤት አለው ብሎ ከኖረ ሕዝብ የወጣ ነው።

የቡሬ ልጅ በዚህ የስም ሕግ ሲደነቅ፣ እርሱ ራሱ ሁለት ስም እንዳለው ማን ይንገረው? እናቱ የምትጠራው ስም አለ፤ በአርባ ቀኑ የተሰጠው የክርስትና ስም አለ። ሁለተኛውን ለማንም አይናገርም፤ መተተኛ የክርስትና ስሙን ከእናቱ ስም ጋር ካገኘ ሊሠራበት ይችላል ተብሎ ተነግሮታልና። ይህን እንደ ማስረጃ ሳይሆን እንደ ድርሰት ጥሬ ዕቃ ነው የማነሣው፤ ሳይንሱን የሚያስተምሩ መምህራን እንዳይቀየሙኝ። አንድ ሕዝብ ሁሉ በሁለት ስም የሚኖርበት፣ አንደኛው ለገበያ፣ ሁለተኛው ለነፍስ የሆነበት ሀገር፣ ለምናብ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠው?

እዚህ ላይ ስለ አንድ የሙያ ቃላችን ማንሣት አለብኝ። የሥነ ጽሑፍ መምህራን «መቼት» የሚለውን ቃል ከ«መቼ» እና ከ«የት» አዋሕደው ያበጁት በብልሃት ነው፤ ለትምህርትም ብዙ ጠቅሞአል። ስለ ማንኩሳ ወይም ስለ መርካቶ ለሚጽፍ ሰው ይበቃዋል፤ የቀረውን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል። ለምናባዊ ዓለም ግን አይበቃም። «መቼ?» ብዬ ብጠይቀው ልጁ «በጥንት ዘመን» ይላል፤ «የት?» ብለው «በሰሜናዊው መንግሥት» ይላል፤ ሁለቱንም መልሶ ገና ምንም አልነገረኝም። ሊመልስልኝ የሚገባው ሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ በዚያ ሀገር ሰውን ከሰው የሚያስረው ምንድን ነው? ቃሉን ያፈረሰ ምን ይደርስበታል? ኀይል ያገኘ በምን ለውጦ አገኘው? በክፍል ውስጥ መቼትን ስናስተምር ይህን ሦስተኛ ጥያቄ አናስተምርም፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው ባዶ ግንብ ሣለ ብለን አዳራሽ ውስጥ እናዋርደዋለን።

ይህን ሦስተኛ ጥያቄ እንዴት መመለስ እንደሚቻል ለማየት ከቡሬ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለችውን ማንኩሳ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የመላው ኢትዮጵያ አንባቢ ሀገር አድርገዋታል፤ ማንበብ ላልቻለውም የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ አድርሶለታል። ልብ ወለዱን እውነተኛውን ኅብረተሰብ የሚያሳይ ሥራ ነው ብለን ስናስተምር ኖረናል፤ ትክክል ነው። እስቲ ግን ለአንድ አፍታ እንደ ጃፓናዊ እናንብበው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት ልጃቸውን ለእግዚአብሔር ይሳላሉ። የተነገረው ቃል የተናገሩትን ሳይሆን ልጁን ያስረዋል። በዛብህ አድጎ፣ ተምሮ፣ ቅኔ ዘርፎ፣ ሰው ወዶ፣ የሄደበት ሁሉ ያ እርሱ ያልተናገረው ቃል ይከተለዋል። ይህ ሕግ ነው። የትኛው የጃፓን ጠንቋይ ነው ከዚህ የከበደ ሰንሰለት ያሰረ? ሐዲስ ሕጉን ከራሳቸው አላመነጩትም፤ ከጎጃም ሕይወት ወሰዱት። የእርሳቸው ፈጠራ ሕጉን እስከ መጨረሻ ድረስ ማስከፈላቸው ነው፤ ደራሲው ለሚወዱት ሰው እንኳ አላዳሉም። የደብተሩ ወጣት ኀይሉን በነጻ ማግኘቱን ሳነብ ወዲያው የታወሰኝ የበዛብህ ስለት ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከሰከላ ልውሰድ። የዓባይ ምንጭ በሆነችው በግሽ ዓባይ ስለ አቡነ ዘርዐ ብሩክ የሚነገረውን የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም። ጻድቁ ሲጋዙ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ቢጠይቁት ውኃው አንዲት ቅጠል ሳያርስ መለሰላቸው ይባላል። እዚህም ሕግ አለ። በዚህ ትውፊት ውስጥ ያለው ውኃ አደራ ያውቃል። አደራ በሰው ዘንድ በጠፋበት ዘመን አደራን የሚጠብቅ ውኃ የሚፈስበት ሀገር ቢጻፍ፣ ወንዙ በግብፅና በሱዳን፣ በግድብና በመስኖ ሲያልፍ የማን አደራ በልቶ የማንን ይመልሳል? እኔ ይህን ተውኔት አልጻፍሁትም። የሚጽፍ ወጣት ቢመጣ ቅናት ቢያመኝም በእጄ እጨብጭብለታለሁ።

ሦስተኛውን ነገር ያገኘሁት ከራሱ ከደብተሩ ነው፤ በዚያ ሌሊትም ብቻዬን ያሳቀኝ እርሱ ነው። የአጋንንቱ ንጉሥ ካሉት የጦር አለቆች አንደኛው «ራሚኤሩ» ይባላል። በማግሥቱ ልጁን አስጠርቼ ስሙን ከየት አመጣኸው ብለው፣ «የጃፓን ነው፤ ጋሼ፣ ከፊልም ነው የሰማሁት» አለኝ። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 መታየት በጀመረውና በጃፓን የሥዕል ፊልም ታሪክ ትልቅ ስፍራ ባለው «ኢቫንጌሊዮን» ውስጥ በዚህ ስም የሚጠራ መልአክ አለ፤ ጃፓናውያን በአፋቸው «ል» የሚባል ድምፅ ስለሌላቸው ራሚኤልን «ራሚኤሩ» ይሉታል። ራሚኤል ግን በመጽሐፈ ሄኖክ ከሰማይ ከወረዱት የሁለት መቶ መላእክት አለቆች መካከል የሚቈጠር ስም ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ በዓለም ላይ ሙሉው የተጠበቀው በግእዝ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ድረስ የመጣው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት «ኤል ሻዳይ» በተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ ዋናው ባለታሪክ ሄኖክ ራሱ ነው። ስሙ በጎጃም የመጻሕፍት ቤቶች በብራና ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ዓለምን ዞሮ ተጣምሞ ቡሬ ሲደርስ ልጁ እንደ ባዕድ ጌጥ ተቀበለው፤ ተናጋሪውም እንደ ባዕድ መርዝ ከሰሱት። ከሁለቱ አንዱም አላወቀውም። ልጁን በዚህ አልወቅሰውም፤ ሰማንያ አሐዱ መጻሕፍትን እንደ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረው የለም። የምወቅሰው እኛን ነው።

እዚህ ላይ ከወግ አጥባቂ ወዳጆቼ ጋር ደግሞ እጣላለሁ። «እንግዲያው የአባቶቻችንን ተረት ሁሉ እንዳለ እንጻፍ» የሚሉ አሉ። እንዳለ አይጻፍም። በቡዳ እምነት እንጀምር። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ፋቂው ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ በዓይናቸው ሰው ይበላሉ እየተባለ፣ ማረሻውን የሠራ እጅ ከማዕድ ተገልሎ፣ በጋብቻ ተንቆ ኖሮአል። ይህን እምነት እንደ ወረደ ወስዶ ጅብ የሚሆን ቀጥቃጭን የታሪኩ ጭራቅ የሚያደርግ ደራሲ የሀገሩን ባህል አላከበረም፤ የሀገሩን ግፍ ደገመ እንጂ። የጃፓኑ ሚያዛኪ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው «ልዕልት ሞኖኖኬ» ውስጥ ብረት አቅላጮችን ሲያሳይ እንዲህ አላደረገም። የብረቱ ምድጃ ደኑን ይጨርሳል፤ የደኑ አማልክትም ይቈጣሉ፤ በዚያ የሚሠሩት ግን ከሴተኛ አዳሪነት የተቤዡ ሴቶችና የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው፤ ሌላ የሚያስጠጋቸው አልነበረም። ተመልካቹ ለማን እንደሚፈርድ ይቸግረዋል። መጽሐፈ ሄኖክን የገለጠ ሰው ሰይፍና ጋሻ መሥራትን ለሰው ያስተማረው ከወደቁት መላእክት አንዱ አዛዝኤል መሆኑን ያነብባል። ብረት የተከለከለ ዕውቀት የሆነበት ዓለም፣ ዕውቀቱን የተሸከሙት ሰዎች የተጠሉበት፣ ጠሊዎቻቸው ግን ያለ እነርሱ ማረሻ መሬት ማረስ የማይችሉበት! ሕጉ ተዘጋጅቶ ተቀምጦአል። ይህ ሕግ ማንን ጠቀመ፣ ማንን ጐዳ ብሎ የሚጠይቅ ደራሲ ግን ያስፈልገዋል።

የቀሩት ልብስ አልባሾች ናቸው፤ ስለ እነርሱ አጭር ቃል ይበቃል። ያንኑ ማኅበርና ያንኑ የአጋንንት ንጉሥ እንዳለ ትተው ለጀግናው ጃኖ የሚያለብሱት፣ በመጠጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ብርሌ የሚያስቀምጡት፣ «ሀገራዊ አድርገነዋል» የሚሉት ናቸው። ጃኖ ለብሶ ያለ ዋጋ ኀይል የሚታደል ጀግና ያው የበፊቱ ሰው ነው። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ ተገቢ አይደለም። ይስማዕከ ወርቁ በ2002 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን ሲያወጣ ጥንታዊ ምስጢርን ከዘመናዊ ሳይንስ ጋር ያዋሐደ ዓለም በአማርኛ ቢጻፍ ወጣቱ ተሻምቶ እንደሚያነብበው አሳይቶአል፤ ሐያሲው ያን ያህል ጥቃቅን ስሕተት ከመልቀም ይልቅ ያን ረኀብ ቢመረምር በተሻለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 መታተም የጀመረው የኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተሰኘ የሥዕል ታሪክም፣ ልዕለ ኀያሉን ሥራ ፍለጋ በአዲስ አበባ ከሚንከራተት ምሩቅ ወጣት ሕይወት ነው ያስነሣው። ካባው የተለመደ ቢሆንም ሥራ ማጣቱ የእኛ ነው። ጅምሩ ከዚያ ይመስለኛል።

ደብተሩን ለልጁ መለስሁለት። ከመመለሴ በፊት ግን በመጨረሻ ገደማ ያለ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብሁ። ወጣቱ በበረዶው ሀገር ወደ ጀብደኞቹ ማኅበር ይገባል፤ መዝጋቢዋ ብዕርዋን አንሥታ ስሙን ትጠይቀዋለች። በጃፓኖቹ ፊልም ልማድ ቢሆን ወዲያው ይናገር ነበር። ይህ ግን ዝም ይላል፤ ወደ በሩ ይመለከታል፤ ከዚያ ሌላ ስም ይነግራታል። ምክንያቱ አልተጻፈም፤ ታሪኩም ቀጥሎ ወደ ዘንዶው ይሄዳል። በዚያ ሁሉ ገጽ መካከል የተነፈሰ አንድ ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው።

«ስሙን ለምን ደበቀባት?» አልሁት።

ልጁ ጥያቄው እንደ ሞኝ ጥያቄ ሆኖበት አየኝ። «ጋሼ» አለ፣ «አያውቃትማ። እንዴት አድርጎ ይነግራታል?»